ከሴፍቲኔት «ተመረቀ» የተባለ ቤተሰብ ከሁለት ዓመት በኋላ የት ነው ያለው?

የእርከን ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ይህን ለመጻፍ ካሰብኩ ቆይቻለሁ። ረዘም ስለሚል ታገሡኝ።

ያደግኩት ላስታ አካባቢ ነው። ሴፍቲኔት፣ ማለትም በየዓመቱ ምግብ ለሚያጥረው የገጠር ቤተሰብ በሥራ ብር ወይም እህል የሚሰጠው የመንግሥት ፕሮግራም፣ በ1997 ዓ.ም ቀበሌያችን ሲገባ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። አባቴ ሞቷል። እናቴ አራት ልጅ ይዛ ቀርታለች። በሬ ስላልነበራት መሬቷን ለእኩል ትሰጣለች። ግማሹ ምርት ለአራሹ ይሄዳል። የኛ ድርሻ ጥር ላይ ያልቃል።

አምስት ነፍስ ነበርን። የተመዘገብነው ግን ለሦስት ሰው ነው። «ኮታው አይበቃም፣ ለሌላውም ይዳረስ» ተባለ። ያኔ ብዙ ቤት እንዲህ እየተቀነሰ ነበር የሚመዘገበው። ለአንድ ተመዝጋቢ በወር አምስት ቀን ሥራ ነው፣ የቀኑ ክፍያ 6 ብር። የሦስት ሰው አሥራ አምስት ቀን 90 ብር ይመጣል። በስድስት ወር 540 ብር። ለዚህ እናቴ ከጥር እስከ ሰኔ ድንጋይ እየተሸከመች እርከን ሠራች። ትንሿ እህቴ ጀርባዋ ላይ ነበረች።

መዋሸት አልፈልግም። ያ ገንዘብ አኑሮናል። ትምህርቴን ያልተውኩት በሱ ነው። በ1995ቱ ድርቅ እናቴ የነበሯትን ሁለት ፍየሎች ሸጣ ነበር የእርዳታ ስንዴ የጠበቀችው። ያ ድርቅ ከ13 ሚሊዮን በላይ ሰው ለእርዳታ ዳርጓል። የሴፍቲኔት ሐሳብም የጠነከረው ከዚያ በኋላ ነው። በየዓመቱ «ዘንድሮ ስንት ሰው ተራበ?» ብሎ ለጋሽ ከመለመን፣ በየዓመቱ እንደሚቸገር የሚታወቀውን ሰው አስቀድሞ መያዝ። ትክክል ሐሳብ ነው። ዛሬም አምንበታለሁ።

ግን 6 ብሩ የተተመነው ሦስት ኪሎ እህል እንዲገዛ ነበር። በ2000 ዓ.ም የእህል ዋጋ ሰማይ ነካ። ክፍያው 8 ብር ሆነ፣ በ2002 ደግሞ 10። ገበያው ግን ቀድሞ ሄዷል። እናቴ «ብሩን ተዉት፣ እህሉን ስጡኝ» ብላ የለመነችበት ቀን ትዝ ይለኛል። ክፍያውም ይዘገያል። የየካቲቱ ግንቦት ላይ የደረሰበት ዓመት ነበር። እስከዚያ የምንበላው በዱቤ ነው፤ ዱቤ ደግሞ ዋጋው ሌላ ነው።

በ2004 ዓ.ም እናቴ «ተመረቀች»፣ ማለትም ራሷን ችላለች ተብላ ከመዝገብ ወጣች። ስድስት በግና አንዲት ጊደር ተቆጥረው «ጥሪት አፍርታለች» ተባለ። ምስክር ወረቀት ተሰጣት። ዛሬም ግድግዳው ላይ አለ። ጊደሯ የብድር ነበረች። በዓመቱ ብድሩን ለመክፈል በጎቹ ተሸጡ። በሁለተኛው ዓመት ጊደሯም ሄደች። እኔ ትምህርት አቋርጬ አንድ ዓመት ወልዲያ ሻይ ቤት ሠራሁ።

ሪፖርቱ ላይ ግን እናቴ ከተሳካላቸው አንዷ ናት። ተመልሶ የጠየቃት የለም።

ካደግኩ በኋላ መረጃ ሰብሳቢ ሆንኩ። ታብሌት ይዤ ቤት ለቤት እዞራለሁ። ከምንጠይቃቸው አንዱ ይሄ ነው፦ «ባለፉት 12 ወራት ቤተሰቡን ለመመገብ የተቸገራችሁት በየትኞቹ ወራት ነው?» ስጠይቅ የማየው እናቴን ነው።

ስለዚህ ጥያቄዬ ይሄ ነው። ሴፍቲኔት ሠርቷል፣ አልሠራም ለማለት በምን እንለካው? እኔ እንደማስበው የተመራቂ ቁጥር መለኪያ መሆን የለበትም። መለካት ያለበት ክፉ ዓመት ሲመጣ ቤቱ ምን ሸጠ የሚለው ነው። ተጠቃሚ የነበራችሁ፣ የሠራችሁበት፣ ያጠናችሁት ካላችሁ ጻፉልኝ።


ቁጥር ወዳጅ፦

እህቴ፣ ስላካፈልሽን አመሰግናለሁ። ኢኮኖሚክስ አስተምራለሁ፣ ይህን ፕሮግራም ለዓመታት ተከታትዬዋለሁ። በጥናት የተገኘውን ልንገራችሁ።

የመጀመሪያዎቹ ግምገማዎች ውጤታቸው ደካማ ነበር። በአማካይ ሲታይ ለውጡ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ምክንያቱም የእርከን ልጅ የጻፈችው ነው። ክፍያው ተሸራርፎ ነበር የሚደርሰው። ተገቢውን ክፍያ ባገኙትና የብድርና የግብርና ፓኬጅ በተጨመረላቸው ቤቶች ግን ለውጥ ታይቷል። ፕሮግራሙ ወረቀት ላይ ያለውና ሰው እጅ የገባው የተለያዩ ነበሩ ማለት ነው።

ቆየት ብሎ የወጣው ጥናት ጠንከር ያለ ነው። አምስት ዓመት ተከታታይ ክፍያ ያገኘ ቤተሰብ አንድ ዓመት ብቻ ካገኘው ጋር ሲነጻጸር፣ በቂ ምግብ ያለው ጊዜ በ1.29 ወር ይረዝማል። ከብቱም ይጨምራል፣ ግን በትንሹ። ወደ በግ ብንመነዝረው አራት በግ ገደማ ቢሆን ነው።

«አምስት ዓመት ከአንድ ዓመት ጋር ለምን ይነጻጸራል?» ትሉ ይሆናል። ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ሴፍቲኔት ውስጥ የገባውን ካልገባው ጎረቤቱ ጋር ብታወዳድሩ፣ የገባው ሁልጊዜ ደሃ ሆኖ ይገኛል። የተመረጠው ደሃ ስለሆነ ነው! ያኔ ፕሮግራሙ ሰው የሚያደኸይ ይመስላል። ስለዚህ አጥኚዎቹ ሁሉም በተመረጡ ቤቶች መካከል ረጅም የቆየውንና አጭር የቆየውን አነጻጸሩ።

አንቺ ያነሳሽው የክፉ ዓመት ጉዳይም ተጠንቷል። ድርቅ በቤተሰብ ምግብ ላይ የሚያደርሰውን የመጀመሪያ ጉዳት ሴፍቲኔት በ57 በመቶ ይቀንሰዋል፣ በሁለት ዓመት ውስጥም ጉዳቱ ይጠፋል የሚል ውጤት አለ። ለኔ ከሁሉም ትልቁ ይሄ ነው። የዓለም ባንክ የድህነት ጥናትም የክፍያው ቀጥተኛ ውጤት ብቻውን የአገሪቱን የድህነት መጠን በሁለት ነጥብ እንደቀነሰው አስቀምጧል። በዚያ ዘመን ድህነቱ በ1997 ከነበረበት 38.7 በመቶ በ2003 ወደ 29.6 ወርዷል። ከዚያ ውስጥ የሴፍቲኔት ድርሻ ሁለቱ ነው እንግዲህ። ትንሽም አይደለም፣ ሁሉንም ያደረገው እሱ ነው ማለትም አይቻልም።

አንድ የሚያሳዝን ውጤት ግን አለ። የሕፃናት መቀንጨር ላይ ለውጥ አልተገኘም። ሆድ ሞላ፣ የልጁ ቁመት ግን አልተቀየረም። በእህል ብቻ ልጅ አያድግም።


የድሮ የልማት ሠራተኛ፦

ልጄ፣ የእናትሽን ነገር ሳነብ ልቤ ተነካ። እኔ አሥራ አራት ዓመት በልማት ሠራተኛነት ሠርቻለሁ። ተጠቃሚ ከሚመርጠው የቀበሌ ግብረ ኃይል ጋር ተቀምጬ ማን ይግባ፣ ማን ይውጣ ብዬ ስም የጻፍኩ ሰው ነኝ።

መመሪያውን በቃሌ አውቀዋለሁ። አንድ ቤተሰብ ተመረቀ የሚባለው ያለ ሴፍቲኔት 12 ወር ራሱን መመገብ ሲችልና መለስተኛ ችግር ሲመጣ መቋቋም ሲችል ነው። እንዴት ያለ ጥሩ አነጋገር ነው! እኛ ግን የምንቆጥረው ንብረት ነበር። በሬ፣ ላም፣ በግ፣ ቀፎ ይቆጠርና በብር ይመነዘራል። ከተቆረጠው ብር ካለፈ ሰውዬው ይወጣል።

ይሄ ሁለት ክፋት አለው። አንደኛው የእናትሽ ነው፤ ዕዳው አይቀነስም። ሁለተኛው የገበያ ነው። የበሬ ዋጋ ሲወደድ ያው አንድ በሬ ያለው ሰው ወረቀት ላይ ሀብታም ሆኖ ይገኛል። ምንም አልጨመረም እኮ። ዋጋው ነው የጨመረው። እህልም በዚያው ልክ ተወዷል፣ እሱን ግን ማን ይቆጥርለታል?

ከላይ ደግሞ ቁጥር ይመጣል። «ከቀበሌህ ይህን ያህል አስመርቅ» ይባላል። የምንገመገመው በዚያ ነው። ካልሞላ ስብሰባ ላይ ትቆማለህ። አንዲት ባልቴት ነበሩ። ሁለት በግና የቆርቆሮ ቤት አላቸው። ቆርቆሮውን የከፈለችው ዐረብ አገር ያለች ልጃቸው ናት። አስወጣናቸው። ቁጥሩ በሳቸው ሞላ። በሚቀጥለው ክረምት በበራቸው ሳልፍ «ደህና ነህ ልጄ?» አሉኝ። ምንም አልወቀሱኝም። እስከ ዛሬ ከሆዴ አልወጣም።

እና ልጄ፣ አዎ፣ ቁጥሩ መለኪያ አይሆንም። እኔ ነኝ የሞላሁት።


ነጋዴው፦

ሁላችሁንም በአክብሮት አነበብኩ። ግን አንድ ነገር ማንሳት አለብኝ። ፕሮግራሙ ከተጀመረ ሃያ ዓመት አለፈው። መጀመሪያ 5 ሚሊዮን ሰው ገደማ ነበር፣ ከዚያ ወደ 8 ሚሊዮን ወጣ፣ እዚያው አካባቢ ነው የቆየው። የሚቀንሰው መቼ ነው? እኔ በምሠራበት ከተማ ዙሪያ ወጣቱ «የሴፍቲኔት ስሜ እንዳይሰረዝ» ብሎ ከቀበሌው አይወጣም። ሠርቶ ማግኘት የሚችል ሰው ለትንሽ ብር ታስሮ ይኖራል። ይሄ ጥገኝነት አይደለም? በጥላቻ አይደለም የምጽፈው። አባቴም የእርዳታ ስንዴ በልቷል።


ቁጥር ወዳጅ፦

ወንድሜ ነጋዴው፣ ጥያቄህ ተገቢ ነው፣ ብዙ ሰውም ይጠይቀዋል። ሁለት ነገር ለይተን እንየው።

አንደኛ፣ ሰዉ ሥራ ፈቷል የሚለውን መረጃው አይደግፈውም። ብዙው ተጠቃሚ እኮ ለክፍያው ይሠራል። በነጻ የሚሰጠው ለአረጋውያን፣ ለአካል ጉዳተኞችና መሥራት ለማይችሉ ነው። የሥራው ወር የተመረጠውም እርሻ ጋብ በሚልበት ነው።

ሁለተኛው ግን ያየኸው እውነት ነው። ሰው በሬ ለመግዛት ይፈራል። «በሬ ከገዛሁ ከመዝገብ እወጣለሁ» ይላል። ይሄ ስንፍና አይደለም፣ ሂሳብ ነው። አንድ በሬ ሊሞት ይችላል። ሴፍቲኔቱ ግን በየዓመቱ ይመጣል። መውጫው ገደል ከሆነ ማን ወደ ጫፉ ይጠጋል?

የሚቀንሰው መቼ ነው ላልከው፣ የ2008 ዓ.ም ድርቅን አስታውስ። ወደ 8 ሚሊዮን የሚጠጋው ተጠቃሚ እንዳለ ሆኖ፣ ተጨማሪ 10.2 ሚሊዮን ሰው አስቸኳይ እርዳታ ፈልጓል። ዝናብ ላይ የተንጠለጠለ ኑሮ እስካለ ድረስ መዝገቡ ቢቀንስም ችግረኛው አይቀንስም።


ሜሪላንድ ነኝ፦

ስለ ገደሉ ያነሳኸው ጥሩ ነው። እዚህ አሜሪካ ፉድ ስታምፕ የሚሉትን የመንግሥት የምግብ እርዳታ በልቼ አውቃለሁ፣ እንደመጣሁ። የተጣራ ገቢህ በአንድ ዶላር ሲጨምር እርዳታው በ30 ሳንቲም ነው የሚቀንሰው። ቀስ እያለ ነው የሚለቅህ። ገቢው እስከ ጣሪያው እስኪደርስ ድረስ መሥራት ያዋጣሃል። እኛ አገር ጊደር ስትገዛ በአንድ ቀን ነው የምትወጣው። የገጠር ሰው የደመወዝ ወረቀት ስለሌለው እንደዚህ ማስላት እንደሚከብድ ይገባኛል። ግን ለምን «ተመራቂው ለሁለት ዓመት ግማሹን ያግኝ» አይባልም?

ሌላው የሚያሳስበኝ ገንዘቡ ነው። የአሜሪካ መንግሥት የእርዳታ ድርጅት ዩኤስኤይድ ለዓመታት ከትልልቆቹ ለጋሾች አንዱ ነበር፣ በተለይ በእህሉ በኩል። እ.ኤ.አ. በ2025 ተዘጋ። ለዘመዶቼ ስደውል መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ስንዴው ሆኗል።


የካዛንቺስ ልጅ፦

ስለ ገጠሩ ብቻ አወራችሁ፣ ስለ ከተማው ልጨምር። የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት በ2009 ዓ.ም ሲጀመር በ11 ከተሞች 604,000 ሰው ታሳቢ ተደርጎ ነው። አብዛኛው አዲስ አበባ ነበር። የኔ አክስት ገብታበታለች። ጠዋት አሥራ አንድ ሰዓት ተነስታ መንገድ ትጠርጋለች፣ ቦይ ታጸዳለች፣ አረንጓዴ ቦታ ትንከባከባለች። በቀን 60 ብር። መጀመሪያው ዓመት 60 ቀን፣ ቀጥሎ 40፣ ቀጥሎ 20 እየቀነሰ ነበር። ከክፍያው ሃያ በመቶው ይቆጠባል። መጨረሻ ላይ ለሥራ መነሻ በዶላር 500 የሚሆን ገንዘብ ነበረው። አክስቴ እንጀራ መጋገሪያ ገዛችበት። እስካሁን ትሸጣለች።

ያልጠበቅኩት ግን ሌላ ነው። ጠርጋ የሚከፈላት እሷ ናት፣ ንጹሕ መንገድ ላይ የምንሄደው ግን ሁላችንም ነን። ይሄ ሲለካ ይገባል ወይ?


ቁጥር ወዳጅ፦

ገብቷል እህቴ! አዲስ አበባ ላይ የተሠራው ጥናት ከማውቃቸው ሁሉ ይበልጥብኛል።

ሁሉንም ወረዳ በአንዴ ማዳረስ ስላልተቻለ፣ መጀመሪያ የሚጀምሩት ወረዳዎች በዕጣ ተመረጡ። ስለዚህ ዕጣ የወጣለትንና ያልወጣለትን ሰፈር ማነጻጸር ተቻለ። ውጤቱ እንዲህ ነው። ተጠቃሚዎቹ የመንግሥቱን ሥራ ሲይዙ የግል ቀን ሥራውን ቀነሱ። ሠራተኛ ሲያንስ የቀን ሥራ ዋጋ ይወደዳል። ፕሮግራሙ ሙሉ ከተማውን ሲያዳርስ የግሉ ዘርፍ ክፍያ በ18.6 በመቶ ከፍ እንደሚል አሰሉ። ይህን ያገኘው ዝርዝር ውስጥ የሌለውም ደሃ ጭምር ነው! የሰፈሩ ጽዳትና የክፍያው መጨመር አብረው ሲቆጠሩ፣ ለደሃው የደረሰው ጥቅም፣ ቀጥተኛው ብቻ ሲቆጠር ከሚገኘው ስድስት እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ተጠቃሚውን ብቻ ብንጠይቅ ኖሮ ይሄ ሁሉ አይታይም ነበር።


እማማ ሰፈር፦

ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ደሃ ላይ ዕጣ ማውጣት ለኔ ከባድ ነው። ያኔ እኛ ወረዳ ዕጣ አልወጣለትም። እናቴ ጎረቤት ወረዳ ሲሠሩ እያየች ዓመት ጠበቀች። ለጥናት ተብሎ?


ቁጥር ወዳጅ፦

ስሜትሽ ይገባኛል። ለጥናት ተብሎ ቢሆን ኖሮ እኔም እቃወም ነበር። ያ ዓመት ገንዘቡ ለሁሉም አይበቃም ነበር። ጥያቄው ማን ይጠብቅ የሚለው ነው። ዕጣ ባይወጣ ሰው የሚያውቅ ይቀድማል።

ሜክሲኮም ፕሮግሬሳ የሚባለውን ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1997 ስትጀምር እንዲሁ አድርጋለች። (ከኛ 1997 ጋር እንዳይምታታ፣ የሰባት ዓመት ከምናምን ልዩነት አለው።) ከ506 መንደሮች 320ው ቀደሙ፣ 186ቱ ጠበቁ። ቤተሰቡ የሚከፈለው ልጆቹን ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ ሲልክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 እዚያ መንግሥት ተቀየረ። እንደተለመደው አዲሱ የድሮውን ሊጥለው ይችል ነበር። ግን የልጆቹ ትምህርትና ጤና መሻሻሉ በማያጠራጥር መንገድ ተለክቶ ስለነበር ቀጠለ፣ ስሙ ብቻ ተቀየረ። እነዚያ የጠበቁት መንደሮች ፕሮግራሙን አተረፉት ማለት ትችያለሽ። እናትሽ የጠበቀችው ዓመት ግን ቀላል ነበር አልልም።


አዋሽ ማዶ፦

እኔ ከአፋር ነኝ። እናንተ «ማን ተመረጠ» ትላላችሁ። እኛ ጋ ስንዴ ሲመጣ ለአንድ ቤት ሰጥቶ ጎረቤቱን መዝለል ነውር ነው። ዝርዝሩ ላይ ሃምሳ ስም ቢኖር፣ የሚበላው መቶ ቤት ነው። ሽማግሌዎቹ ይከፋፍሉታል። አጥኚዎች መጥተው «ልየታው፣ ደሃውን ለይቶ መምረጡ፣ እዚህ አይሠራም» ብለው ጽፈዋል። ትክክል ናቸው፣ ድርሻው ለሁሉም ሲከፋፈል ለደሃው የሚደርሰው ያንሳል። ግን ነገ የኔ ግመል ቢሞት የሚያበላኝ ያ የተካፈልኩት ሰው ነው። መንግሥት ሳይመጣም የነበረ ሴፍቲኔት ነው። መለኪያችሁ እሱን እንዳያፈርሰው ተጠንቀቁ።


የድሮ የልማት ሠራተኛ፦

አዋሽ ማዶ፣ እግዚአብሔር ይስጥህ። እኛ ደጋ ላይም የተሰጣትን አሥራ አምስት ኪሎ ለጎረቤት ቆርሳ የምትሰጥ ብዙ እናት አለች። ቅጹ ላይ ግን ይሄ የለም።

ስለ እርከኑም አንድ ነገር ልበል። ሁላችሁም ስለ ብሩና ስለ ስንዴው አወራችሁ። ሥራውስ? እኔ በነበርኩበት ቀበሌ በ1997 ተራራው ራቁቱን ነበር። ውሃ ሲመጣ አፈሩን ይዞት ይወርዳል። ሰዎቹ ስድስት ወር በስድስት ወር እርከን ሠሩ፣ ክትር ሠሩ፣ ከብት እንዳይገባ ከለሉ። አምና ሄጄ አይቻለሁ። ከግርጌው ምንጭ ፈልቋል። ሴቶቹ ውሃ ለመቅዳት የሚሄዱበት ሁለት ሰዓት ቀርቷል። በሳተላይት ፎቶ የተሠራ ጥናትም የፕሮግራሙ ወረዳዎች ላይ ከ2005 እስከ 2019 እ.ኤ.አ. የዛፍ ሽፋን በ3.8 በመቶ መጨመሩን አሳይቷል፣ በተለይ ዳገታማውና ሰው ያልበዛበት ላይ። ልጄ፣ እናትሽ የተሸከመችው ድንጋይ አሁንም እዚያው ነው።


ክፍያ ሠሪ፦

ስለ መዘግየቱ አጭር ነገር ልጨምር፣ በወረዳ ደረጃ ክፍያ ስለምሠራ። ሰው «ገንዘቡ አልመጣም» ይላል። ብዙ ጊዜ መጥቷል። የልማት ሠራተኛው ማን ስንት ቀን እንደሠራ የሚያሳየውን ወረቀት በጊዜ ካላመጣ፣ አንድ ስም ላይ ፊደል ከተሳሳተ፣ ጭነት መኪናው ነዳጅ ካጣ፣ የሁሉም ክፍያ ይቆማል። ኮምፒውተር ከገባና ክፍያው በባንክና በስልክ ከሆነ ወዲህ ተሻሽሏል። ግን የአንድ ወር መዘግየት ለሪፖርቱ «ተከፍሏል» ነው። ለሴትየዋ ግን ዱቤ ነው። መቼ ተከፈለ የሚለው አብሮ ይለካ። ደግሞ ሐምሌ 2016 ላይ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ገበያው እንዴት እንደሄደ ታውቃላችሁ። ክፍያው ከእህል ዋጋ ጋር ካልታሰረ የ2000ው ይደገማል።


ነጋዴው፦

ቁጥር ወዳጅ፣ ስለ ገደሉ ያልከኝን አሰብኩበት። ትክክል ነህ፣ እኔም ነጋዴ ሆኜ እንደዚያው ነው የማስበው። እሺ፣ እንዴት ይውጣ ታዲያ? የሠራ ነገር አለ?


ቁጥር ወዳጅ፦

አለ። በስድስት አገሮች የተሞከረ አንድ አሠራር ነው፣ ከነዚህ አንዱ ትግራይ ውስጥ ሴፍቲኔት ተጠቃሚ በሆኑ ቤቶች ላይ ነበር። ከብት፣ በግ ወይም ሌላ የሚረባ እንስሳ ይሰጣል፣ ብድር አይደለም። እንዴት እንደሚያረባው ይሠለጥናል። ከብቱን አርዶ ወይም ሸጦ እንዳይበላው ለጥቂት ወራት ምግቡ ይቻላል። ቁጠባ አለ። አንድ ሰው በየጊዜው እየመጣ ያየዋል። ከብቱ ከተሰጠ ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ድጋፉ ሁሉ ቆሞ እያለ፣ የሰዎቹ ምግብም ሀብትም ካልተሰጣቸው ሰዎች በልጦ ተገኝቷል። ሆንዱራስ ላይ ግን አልሠራም። የተሰጡት ዶሮዎች ነበሩ፣ ብዙዎቹ በበሽታ አለቁ።

የእርከን ልጅ እናት ላይ የጎደለው ይሄ ነው። ጊደሯ ዕዳ ነበረች፣ ክፍያውም በዚያው ዓመት ቆመ።


የእርከን ልጅ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሦስት ቀን ነው ደጋግሜ ያነበብኩት።

ጋሼ፣ እርስዎ የጻፉትን ለእናቴ በስልክ አነበብኩላት። ስለ ባልቴቷ ስትሰማ ዝም አለች። ከዚያ «እሱም ልጅ ነበር፣ ታዝዞ ነው» አለች። ንገሪልኝ ብላለች። ስለ ድንጋዩ ስትሰማ ደግሞ በጣም ነው ደስ ያላት። የኛም ተራራ ግራር ይዟል።

አንድ ነገር እዚህ መጻፍ ፈልጌ ነበር። መረጃ ስሰበስብ ብዙ ጊዜ የምንወጣው ጥር ወይም የካቲት ላይ ነው። መንገዱ ደረቅ ነው፣ መኪና ይገባል። ሰውም አዝመራውን ገና አስገብቷል። ያኔ «የተቸገራችሁት የትኞቹ ወራት ናቸው?» ስትሉት ስድስት ወር ወደ ኋላ አስታውሶ ነው የሚመልሰው። ጎረቤትም ቆሞ ይሰማል። አንዳንዱ «ብዙ ካልኩ ይጨመርልኛል» ብሎ ያስባል፣ አንዳንዱ ደግሞ ያፍራል። ወንዱ ሲመልስና ሚስቱ ለብቻዋ ስትመልስ ቁጥሩ ይለያያል። ይህን በዐይኔ አይቻለሁ። ችግሩ የሚታየው ክረምት ላይ ነው። ክፍያው ሰኔ ላይ ይቆማል፣ ጎተራው ባዶ የሚሆነው ሐምሌ ላይ ነው። ያኔ ግን ማንም መረጃ ሰብሳቢ የለም፣ ጭቃው አያስገባም።

ዘንድሮ ለአለቃዬ አንድ ሐሳብ አቅርቤያለሁ። ከተመረቁት ውስጥ የተወሰኑ ቤቶች ነሐሴ ላይ በስልክ እንዲጠየቁ። ሦስት ጥያቄ ብቻ። በዚህ ወር ምን ሸጣችሁ? ምን ተበደራችሁ? ልጅ ከትምህርት ቤት ወጥቷል? እስካሁን እሺም እምቢም አልተባልኩም።

ለመሞከር መጀመሪያ እናቴን ጠየቅኳት። ያኔ ከተመረቅሽ በኋላ የተቸገርሽው በየትኞቹ ወራት ነበር አልኳት። «ሐምሌ፣ ነሐሴ» አለች። ታብሌቱ ላይ ሁለቱን ነካሁ። ከዚያ «ጳጉሜንም ጨምሪበት፣ የዛን ጊዜ ነው በጎቹ ያለቁት» አለችኝ።

ቅጹ ላይ ጳጉሜን የሚባል ወር የለም። ማስታወሻው ላይ ጻፍኩት።